ወንዙ ሞልቷል

ፎርማኑ ባረፉ ዕለት ልጃቸው ብዙ አላለቀሰችም። ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አሰረችና ባሏን በር ላይ ጠብቃ አንድ ነገር ለመነችው። የአባቷን ሳጥን የጦር ጓደኞቻቸው እንዲሸከሙላት ትፈልጋለች። ሌላው ሁሉ፣ አበባውም፣ መኪናውም፣ ለእንግዳው የሚዘረጋው ወንበርም፣ በጎረቤት እጅ ይሠራል።

«እነሱ ካልተሸከሟቸው፣» አለችው አፏን ቀስ አድርጋ እየከፈተች፣ «አባዬ እንደ ፈሪ ነው የሚቀበሩት።»

ልመናው ባሏን ቋጠሮን ከበደው። ቋጠሮ የሚለው አገር ምድሩ ነው። ድሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተበጠሰ ክር ሲቀጥል ጣቶቹ ለዓይን አይታዩም ነበር ይባላል፤ ይባላል የሚለው በአብዛኛው እሱ ራሱ ነው። ፋብሪካው ለጣቶቹ ስም አወጣላቸው፣ ጆሮዎቹን ግን አስቀረ። አሁን አጠገቡ ጎማ ቢፈነዳ ዞር የሚለው ሌላው ሰው ሲዞር አይቶ ነው።

ልመናው ለምን እንደከበደው ለማወቅ ስለ ጦሩ ማውራት ያስፈልጋል። ስለዚያ ጦር ማውራት ደግሞ ለቋጠሮ ነፍሱ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ሲቀር።

አገሪቱ ለሁለት የተከፈለች ጊዜ፣ የላይኛው መንግሥትና የታችኛው መንግሥት የሚባሉ ሁለት መንግሥታት ወንዙን መሃል አድርገው ተቀመጡ። ሁለቱም ጦር ያስፈልጋቸው ነበር። ወታደር ከየት ይምጣ? ከድሮው ሠራዊት ግማሹ ጠፍቷል፣ ግማሹ ደግሞ የትኛው መንግሥት እንደሚበረታ እስኪለይለት ቤቱ ተኝቷል። ስለዚህ በየሥራ ቦታው እየዞሩ ያገኙትን ሰው መመልመል ጀመሩ። ዳቦ ጋጋሪዎች አንድ ጦር ሆኑ። ሾፌሮችም አንድ ጦር ሆኑ፣ ግን ማን ይቅደም ማን ይከተል ሲጨቃጨቁ ጦርነቱ እስኪያልቅ በወጉ አልተሰለፉም። ከማዘጋጃ ቤት የተውጣጣም ጦር ነበር። እሱን ሕዝቡ «ነገ ተመለሱ» ይለው ነበር።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዕጣ ከሁሉም ተለየ። ያኔ ድንበሩ ገና አልጠራም፤ ጠዋት የአንዱ የሆነ ሰፈር ማታ የሌላው ነው። የላይኛው መንግሥት መልማዮች በጠዋት መጡና ማሽን ላይ ያገኙትን የቀን ፈረቃ በሙሉ ወሰዱ። የታችኛው መንግሥት መልማዮች ቀን መንቀሳቀስ ይፈሩ ስለነበር አመሻሽ ላይ መጥተው የሌሊት ፈረቃውን ወሰዱ። አንድ ፋብሪካ ሁለት ጦር አወጣ ማለት ነው። ማን ለየትኛው መንግሥት እንደሚሞት የወሰነው ፖለቲካ አልነበረም፤ ቀን መተኛት መውደድና አለመውደድ ነበር። ቋጠሮ የቀን ፈረቃ የገባው እንኳ የፎርማኑ ልጅ ለማስተማር ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ስለሚያያት ነው።

የደንብ ልብስ የሚሰጥ አልተገኘም። ሁለቱም ጦር የፋብሪካውን ሰማያዊ ቱታ እንደለበሰ ዘመተ። እንዳይምታቱ የሌሊቶቹ ቱታቸውን ገልብጠው ለበሱት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ኪሱ ወደ ውስጥ። ምስኪኖቹ ጦርነቱ እስኪያልቅ እጃቸውን የሚከቱበት ኪስ አልነበራቸውም። ፎርማኑ ደግሞ የቀን ፈረቃው አዛዥ ሆኑ። የሾማቸው የለም፤ ሰዉ ድሮም የሚታዘዘው እሳቸውን ስለነበር ነው። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲቆጡም ሲደሰቱም ፊታቸው የማይለወጥ ሰው ነበሩ። ውሸት የሚባል ነገር አይሆንላቸውም። ማሽን ሰብረህ «ራሷ ናት የተሰበረችው» ብትላቸው፣ አንተ ዋሽተህ እሳቸው ያፍሩ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ጦር ከሌላው የለየው የአዳራሽ ወሬ ነበር። በሽመና አዳራሹ ማሽኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲንኳኩ ሰው ጆሮህ ሥር ቢጮህ አትሰማውም። ስለዚህ አዲስ ገቢ መጀመሪያ የሚማረው ክር መቀጠል ሳይሆን ከንፈር ማንበብ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ይገባሃል። እዚያ ጥግ ሁለት ሴቶች አማት ያማሉ፣ እዚህ አንዱ ትናንት ያየውን ኳስ ይተርካል፣ ፎርማኑ ከደረጃው ላይ ሆነው ያለ ድምፅ ይቆጣሉ። አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የሚባል የለም። ቋጠሮ እንደዚያ ዓይነት ጨዋታ ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘም።

አንድ ማሽን ሁለት ባለቤት ነበረው፣ የቀንና የሌሊት። የቀኑ የሌሊቱን «ሌሊቴ» ይለዋል፣ የሌሊቱ የቀኑን «ቀኔ»። የቋጠሮ ሌሊቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንፈሩ ሰፋ ያለ ሰው ነበር፤ ይህ በአዳራሽ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ከሩቅ ይነበባል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ፈረቃ ሲለዋወጡ፣ ክሩ የት ጋ እንደሚያስቸግር እስኪነጋገሩ ድረስ ብቻ ይተያያሉ። አብረው ተቀምጠው ምሳ በልተው አያውቁም። ይሁንና ቋጠሮ ስለ ወንድሙ ከሚያውቀው ይልቅ ስለ ሌሊቴ የሚያውቀው ይበልጥ ነበር።

በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት ሁለቱ ጦሮች በወንዙ ዳርና ዳር ተፋጠጡ። ካርታ የሚዘረጉት ሰዎች ቁጥር እንጂ ፈረቃ አይታያቸውም። በጋ ነበርና ወንዙ ቀጥኗል፤ ማዶ ለማዶ ፊት ይለያል። መጀመሪያ ሁሉም አንገቱን ቀብሮ ዋለ። በማግስቱ ከወዲያ ማዶ አንድ ቱታውን የገለበጠ ሰው ከምሽጉ ብቅ አለና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ማሽናችን እንዴት ናት?»

ሌሊቴ ነበር። ቋጠሮ ጠመንጃውን አስደግፎ ተነሳ።

«ቆማለች። ዝገት በልቷታል።»

«ዘይት አትቀባትም ነበር?»

«አንተን ስጠብቅ!»

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ሳምንታት ቋጠሮ እስከ ዛሬ እንደ ማር ነው የሚያወራቸው። እንግዲህ ጦርነት ነው፣ ሰው ሊሞትበት ይችላል፣ ግን ልቡ ዕውነቱን ይናገር ከተባለ ከዚያ የተሻለ በጋ አላየም። ማን ወለደች፣ ማን አገባ፣ የማን እናት ታመመች፣ ሁሉም ወሬ ወንዙን እየተሻገረ ይመጣል፣ ይሄዳል። የቀን ፈረቃው ማሽን ዘይት ቀቢ ማዶ ካለው ከራሱ ሌሊቴ ጋር ከጦርነቱ በፊት የጀመሩትን ጭቅጭቅ ከቆመበት ቀጠሉ። የጭቅጭቁ መነሻ አንድ መፍቻ ነበር፤ መፍቻው ራሱ ከጠፋ ቆይቷል። ከዋናው ከተማ የተላከው ተቆጣጣሪ መኮንን ወታደሮቹ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ሲያላውሱ አይቶ የድድ በሽታ ገብቷል ብሎ ለበላዮቹ አስታወቀ። ለጦሩ በሙሉ የአፍ ማጠቢያ ተላከ። ያ ጦር ጥይት አጥቶ ያውቃል፣ የአፍ ማጠቢያ ግን አልጎደለበትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፎርማኑ ከበላይ ተጠርተው ሄዱና ፊታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቁሮ ተመለሱ። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ወንዙን ተሻግራችሁ ማዶውን ያዙ። ተቆጣጣሪው መኮንን አንድ ነገር አጥብቆ አሳሰባቸው። ትእዛዙ ለወታደሩ ሲነገር ድምፅ እንዳይወጣ። ማዶ ከሰሙ አለቀልን።

ድምፅ እንዳይወጣ! ለፎርማኑ ይህ ምን ያቅታል? ከምሽጉ ኋላ ካለው የአፈር ቁልል ላይ ወጡ። ሰዎቻቸው ፊታቸውን ወደ እሳቸው፣ ጀርባቸውን ወደ ወንዙ አድርገው ቁጭ አሉ። ፎርማኑም በአዳራሹ እንደለመዱት ትእዛዙን በከንፈራቸው ብቻ ሰጡ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፤ አፋቸውን ሰፋ አድርገው፣ የመጨረሻው ረድፍ እንዲያነበው አጥርተው። የወፍ ድምፅ እንኳ ከሳቸው ይበልጥ ነበር። መኮንኑ ደስ አለው።

በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ጦር አለ፤ ይህን ስህተት ሊሠራ የሚችል ግን ያ ጦር ብቻ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ወንዝ ማዶ ነበር። የሌሊት ፈረቃ ምሽጉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል እያነበበ ነበር።

መሃል ላይ ፎርማኑ አቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። በአዳራሽ ሕግ ሰው ሲያወራህ ዓይንህን ከከንፈሩ አትነቅልም፤ ከነቀልህ ቃሉ አመለጠህ። ስለዚህ ወደ ኋላው ዞሮ ያየ አንድም ሰው የለም። ሁሉም የሚያየው የፎርማኑን ከንፈር ነው። ከንፈራቸው «እሺ» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «እሺ፣ እሺ» አለ። ማንን እሺ እንዳሉ የገባው የለም። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሰዎቻቸው መለሱ።

«ይቅር፣» አሉ። «አንሻገርም።»

መኮንኑ ግራ ገብቶት ወደ ቁልሉ ወጣ። ምክንያቱን ጠየቀ። ፎርማኑ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ከዚያ በድምፃቸው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ወንዙ ሞልቷል» አሉ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ዞረ። መሃል ወንዙ ላይ አንዲት ዳክዬ በእግሯ እየሄደች ነበር።

በዚያው ምሽት ፎርማኑን ትጥቃቸውን አስፈቷቸው፤ በኋላ ከበላይ የተላከላቸውን የትከሻ ምልክት በጦሩ ፊት ቀደዱት። የቀን ፈረቃው በማግስቱ ከወንዙ ተነስቶ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆነ። በዚያ በኩል ሊደረግ የታሰበው ጥቃት ቀረ፣ ጦርነቱም በሌላ ግንባር ተጎትቶ ተጎትቶ ያለ አሸናፊ ቆመ። አገሪቱ እንደተከፈለች ቀረች፣ በወንዙ ላይ ያለው ድልድይም ተዘጋ። የሰላሙ ሰልፍ ዕለት ጦሩ ሁሉ በየተራው ሲያልፍ የቀን ፈረቃውን ከወጥ ቤት ሠራተኞች ኋላ አሰለፉት። «ነገ ተመለሱ» እንኳ ከፊታቸው ነበር። ዘይት ቀቢው ያን ቀን ያለቀሰውን ልቅሶ ለእናቱ ሞት አላለቀሰም።

«ወንዙ ሞልቷል» የከተማው ቀልድ ሆነ። ሥራ የሰለቸው ሰው «ዛሬ ወንዙ ሞልቷል» ብሎ ቤቱ ይውላል። ቧንቧ ሠሪ ተጠርቶ ካልመጣ ወንዙ ሞልቶበት ነው። የፎርማኑ ልጅ ክፍል ስትገባ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ታገኘዋለች። ታጠፋዋለች፣ ትምህርቷን ትቀጥላለች። በማግስቱ ደግሞ ይጻፋል። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ያን ሰሌዳ ስታጠፋ ኖረች። አባቷን አንድም ቀን «ለምን?» ብላ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልነገሯትም።

ቋጠሮ ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ዓመት አገባት። ጓደኞቹ «ከሰው ሁሉ የዚያን ሰውዬ ልጅ?» አሉት። እሷ ግን ልቡ የገባችው ከጦርነቱ በፊት፣ ፋብሪካው በር ላይ ነው፤ ምን ይመልሰዋል? ከአማቱ ጋር አንድ ግቢ ኖሩ። ወደ ማታ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ለመነባበብ እንዲመች፣ የአዳራሽ ወሬ ያወራሉ። ስለ ክሩ፣ ስለ ማሽኖቹ፣ አንድ ጊዜ አንዷ ሠራተኛ ፎርማኑን ከንፈሯን በእጇ ሸፍና ስለሰደበቻቸው። ልጆቹ ሁለት ሰው ያለ ድምፅ ሲስቅ እያዩ ያድጉ ነበር። ስለዚያ ቀን ግን ቋጠሮ አላነሳም። ጠይቋቸው «አዎ ልጄ፣ ፈርቼ ነው» ቢሉትስ? ያን መስማት አይፈልግም። እንዲያው ለሚወዱት ሰው አፍሮ መኖር ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል።

ከሁለት ዓመት በፊት በሽታ መታቸውና ግማሽ ፊታቸው ሽባ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ትንሽ ይንተባተባል። በከንፈሩ ለሚያወራ ሰው ግን ያ ድዳ መሆን ማለት ነው። ቋጠሮ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ግማሽ ቃል ሲያነብ፣ ግማሹን ሲገምት ከረመ። ድልድዩ የተከፈተው እሳቸው እንደዚያ ሆነው ከተኙ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት ነው።

እንግዲህ ቋጠሮ የሚስቱን ልመና ይዞ የሄደው ወደ ቀን ፈረቃ ጦር ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሊቀመንበሩ ዘይት ቀቢው ነው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ደንቁረዋልና ክፍሏ ጸጥ ያለች ናት፤ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«ሳጥናቸውን ተሸከሙላት፣» አላቸው ቋጠሮ። «ቱታችሁን ለብሳችሁ።»

ዘይት ቀቢው መልሱን ያዘጋጀው ከቆየ ይመስላል።

«እንደ ጎረቤት እንመጣለን። ጥሩ ፎርማን ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እንደ ጦር ግን አንመጣም። ልጄ ‹አባዬ፣ ጦርነት ላይ ምን ሠራህ?› ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ‹እህል ጠበቅሁ› ነው ያልኩት። ማን ነው እንደዚያ ያደረገኝ?»

ቋጠሮ ተነስቶ ወጣ። ሰውየው የዋሸው ነገር የለም። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፊቱን አይታ ጨረሰች፤ ከንፈሩን እስኪከፍት አልጠበቀችም።

ቀብሩ ላይ ሳጥኑን የተሸከሙት የሰፈር ጎረምሶች ናቸው። የጦሩ ሰዎች መጡ፣ ኮትና ኮፍያ አድርገው፣ ከመቃብሩ ቦታ አጥር አጠገብ በርቀት ቆሙ። ሳጥኑ በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ በሁለት ሳንቃ ተቀመጠ። የሃይማኖት አባቱ ጸሎት ጀመሩ። ቋጠሮ ጸሎቱን አይሰማም፤ ሚስቱን በክንዱ ደግፎ ሳጥኑን ያያል።

ቀና ሲል ከጉድጓዱ ወዲያ አንድ የማያውቀው ሽማግሌ አየ። ረጅም ነው፣ ጀርባው ጎብጧል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ጀርባውን ለአጥሩ፣ ፊቱን ለቋጠሮ ሰጥቶ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚጸልይ ይመስላል፣ ግን አይደለም።

«ቀኔ፣» ይላል። «ቀኔ። አወቅኸኝ?»

ቋጠሮ አንገቱን አሰገገ። እነዚያን ከንፈሮች በጨለማ ቢሆን ያውቃቸዋል። ፊቱ ሁሉ ሲያረጅ እነሱ አላረጁም።

«ሌሊቴ?»

«እግዜር ያጽናችሁ። ጨርቅ የሚነግድ የወንድሜ ልጅ አረፉ ብሎ ነገረኝ። በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣሁ።»

«አመሰግናለሁ። አንተ... ቆመህ ነው ያለኸው እንዴ? በሕይወት?»

«ቆሜያለሁ መሰለኝ።» ሌሊቴ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «ቀኔ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አውቶቡሱ ላይ ገንዘብ የሚሰበስበው ልጅ ‹ወንዙ ሞልቷል ሞቱ› ብሎ ቀለደ። ሰዉ ሳቀ። ምንድን ነው እሱ?»

ቋጠሮ ከአማቱ ሳጥን በላይ፣ ጸሎቱ መሃል፣ ቀልዱን ማስረዳት ነበረበት። አሳጥሮ ነገረው። ሌሊቴ እያነበበ ሄዶ ሄዶ ፊቱ ደም አልባ ሆነ።

«እና ምክንያቱን አልነገሯችሁም?»

«ምን ምክንያት?»

«ለማንም?»

«ምኑን ነው የምትለው?»

ሌሊቴ ኮፍያውን ሁለት እጁ ውስጥ ጨመቀው። ከንፈሩን ሰፋ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ለአዲስ ገቢ እንደሚናገር ሰው ጀመረ።

«ትእዛዙን ስታነቡ እኛም አነበብነው። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ሌላ የኛ መንግሥት ጦር መጥቶ ሁለት መትረየስ በዳርቻችን ባለ የጥጥ ክምር ሥር ደብቋል፣ ልክ ወደምትሻገሩበት አነጣጥሮ። እናንተ አታዩትም። ብትሻገሩ አንድ ሰው አይተርፍም ነበር። ያዘዘን የለም፣ ባንድ ጊዜ ብድግ አልን፣ ፈረቃው በሙሉ። ‹አትምጡ፣ መትረየስ አለ› አልን። ጀርባችሁን ነው የምናየው። ፊታቸው ወደኛ የነበረው እሳቸው ብቻ ናቸው። አዩን።»

«‹እሺ› ያሉት...»

«ለኛ ነው። ‹ፎርማን፣ ለማንም እንዳይናገሩ፣ ከታወቀ ሁላችንንም ይረሽኑናል› ብለን ለመንናቸው። ‹እሺ› አሉ። ‹እሺ፣ እሺ› አሉን። የታችኛው መንግሥት እስከ ባለፈው ዓመት ቆሞ ነበር እኮ። አንድ ሰው ሹክ ቢል፣ አምና እንኳ የምንገደል ሰዎች ነበርን። ልጆቻችንን አሳደግን። ቀኔ፣ እኛ ማዶ ሆነን ምን እንል እንደነበር ታውቃለህ? ‹ይሄኔ ሰውየውን ጄኔራል አድርገዋቸዋል› ነበር የምንለው።»

ቋጠሮ ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለም፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። በረንዳው ታየው። እነዚያ ሁሉ ምሽቶች፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የክር ወሬ። እሱ ላለመጠየቅ ሲጠነቀቅ፣ እሳቸው ላለመናገር። ልጆቹ ታዩት፣ የዘይት ቀቢው ልጆች፣ የሁሉም ልጆች፤ ከዚያ ቀን በፊት አንዳቸውም አልተወለዱም። እሱ ደግሞ ሲያፍርላቸው ኖሯል። ይህን ሁሉ ዓመት ለእኚህ ሰው አፍሯል!

ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለና አፉን ከጆሮዋ አስጠግቶ በሹክሹክታ ነገራት። እሱ በሹክሹክታ ነው ያለው። የደነቆረ ሰው የራሱን ድምፅ አይለካም፤ ያ ሹክሹክታ ጸሎቱን አቋርጦ የመቃብሩን ቦታ ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። «አባዬ ፈሪ አልነበሩም! መትረየስ ነበር! ማዶዎቹ አስጠንቅቀዋቸው ነው፣ እነሱ እንዳይረሸኑ ብለው ነው አፋቸውን የዘጉት! ያዳኑት የኛን ብቻ አይደለም፣ የሁለቱንም ፈረቃ ነው!» ጸሎት የሚያደርሱት አባት አቆሙ። ጎረቤት ሁሉ ዞረ። አንዲት አሮጊት አፏን በእጇ ያዘች። ቋጠሮ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚያየው አልገባውም።

ያልሰሙት የጦሩ ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱም እንደሱ ደንቆሮ ናቸው፤ አጥሩን ተደግፈው ሰው ለምን እንደተረበሸ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ።

ሚስቱ አላለቀሰችም። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ አጥሩ አዞረችው። ከዚያ እንዲያያት ከጎን ብቅ ብላ አንድ ቃል ተናገረች።

«ድገመው።»

ደገመው። አሁን ያለ ድምፅ፣ አፉን ሰፋ አድርጎ፣ አጥሩ ጋ እንዲነበብ አጥርቶ። መጨረሻው ላይ ሌሊቴም ዞሮ ፊቱን አሳያቸውና «እውነቱን ነው፣ እኔም እዚያ ነበርኩ» አላቸው። የሌሊት ፈረቃውን ሰው ሲያውቁት አንዳንዱ ኮፍያውን አወለቀ። ዘይት ቀቢው ሌሊቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ታዲያ ከሁሉ ነገር ለምን ‹ወንዙ ሞልቷል› አሉ? ሌላ ምክንያት ጠፋ?»

«መዋሸት የት ያውቁበታል፣» አለ ቋጠሮ።

ዘይት ቀቢው አንገቱን ደፋ። ሲቀና ቀድሞ የተንቀሳቀሰው እሱ ነው። በመቃብሮቹ መሃል አንድ በአንድ መጡ፣ የሚያነክሰውም፣ በከዘራ የሚሄደውም። ሳጥኑን ለማውረድ ገመድ ይዘው ከቆሙት ጎረምሶች ላይ ገመዱን ተቀበሏቸው። ሌሊቴንም በክርኑ ይዘው ከመሃላቸው አስገቡት። ጉድጓዱን ከብበው ቆሙና ከንፈሮቻቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ ሁሉም ባንድ ላይ፣ አጥብቀው፣ ያለ ድምፅ።

የፎርማኑ ልጅ የአዳራሽ ወሬ አታውቅም። የባሏን እጅጌ ሳብ አደረገች።

«ምን እያሉ ነው? እየጸለዩ ነው?»

ቋጠሮ እንባውን ጠርጎ አነበበላት።

«እየተጣሉ ነው፣» አላት። «በራስጌ በኩል እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ እያሉ።»